ጭፈራው በዝቷል፣ ወደ መሀል የሚጎትተን ሰው ግን እያነሰ ነው

ጭፈራ የጠፋበት ዘመን ላይ አይደለንም። እንዲያውም የዚህን ያህል የታየበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ቲክቶክን ለአምስት ደቂቃ የከፈተ ሰው የጎጃሙን እስክስታ፣ የራያውን፣ የጉራጌውን፣ የወላይታውን፣ የሐረርጌውን ሸጎዬ በተርታ ያገኘዋል። የሚጨፍሩት ልጆችም ጎበዞች ናቸው፣ አንዳንዶቹማ ለጉድ ነው። ግን እስኪ ሰሞኑን ሠርግ የሄዳችሁ ልብ በሉ። አዳራሹ መሀል ተከፍሎት የመጣ የባህል ቡድን ይጨፍራል፣ ቀራጩ መብራቱን ይዞ ይዞራል፣ ታዳሚው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ይቀርጻል። ሙሽሮቹም ሲለማመዱ የከረሙትን ያሳያሉ። ከዚያ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰው ወደየቤቱ ይበተናል። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቁ ወጣችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጭፈራን ስላየን ብቻ ከሰው ጋር አንተሳሰርም። አንድ ሰው መጥቶ፣ እጃችንን ይዞ፣ "ተነስ እንጂ!" ብሎ መሀል ሲያስገባን ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ መጎተት ከቀረ እስክስታው ቢያምር፣ ልብሱ ቢያብረቀርቅ፣ ትዕይንት ሆኖ ይቀራል። አሁን እየሳሳ ያለውም እሱ ነው። ወጣቱ ባህሉን ናቀ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ዋናውን ምክንያት የማየው በምንኖርበት ቤት፣ በሰፈራችንና በድግሳችን ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የአገራችን ጭፈራ ብዙው አውራጅና ተቀባይ አለው። አውራጁ አንድ ስንኝ ይጥላል፣ የቀረው ተቀብሎ ይመልሳል። ከበሮ የሚመታ አለ፣ የሚያጨበጭብ አለ፣ እልል የምትል አለች፣ "እስክስ! እስክስ!" እያለ የሚያሟሙቅ አለ። ድምፁ የማያምር ያጨበጭባል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ወንበራቸው ላይ ሆነው በምርኩዛቸው መሬቱን እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ። ከሁሉም ከሁሉም፣ ከዳር የቆመው ሰው ተመልካች አይደለም፤ እሱ ማጨብጨቡን ቢያቆም መሀል ያለው ሰው ወዲያው ይቀዘቅዛል።

መሀል የገባው ደግሞ ብቻውን ብዙ አይቆይም። ትንሽ ይዞርና አንዱን ይመርጣል። ፊት ለፊቱ ይቆማል፣ ወገቡን ይዞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ትከሻውን ያንቀጠቅጣል። የተመረጠው ሰው ይስቃል፣ "ኧረ እኔ አልችልም" ይላል፣ የጎረቤቱን ክንድ ይይዛል፣ ጎረቤቱ ግን ራሱ ከኋላ ይገፋዋል። ያ የቆመው ሰው እንደሆነ አይሄድም። ጎንበስ ይላል፣ በአንገቱ ይጠይቃል፣ በትከሻው ይጠይቃል፣ ትንፋሹ ይሰማል። በመጨረሻ እንግዳው አንዴ ትከሻውን ያነሳል፣ በደንብም አይደለም፣ እንደነገሩ። ያን ጊዜ ክቡ በሙሉ "እሰይ!" ብሎ ይጮኻል። እልልታው የሚወጣው ለጥሩ እስክስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሰው ምንም አያገኝም ነበር። ሰው እልል ያለለት ስለገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያ እንግዳ እዚያ ቤት እንግዳ አይደለም፣ ምግብ ሲቀርብ ይጎርሳል፣ ያጎርሳል፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው "አንተ ጨፋሪው!" ብሎ ያቆመዋል።

ይህን ነገር በቤተ ሙከራ የፈተሹት ሰዎችም አሉ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ደንባር ከሚባሉት ተመራማሪ ጋር የሚሠራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት ብራዚል ውስጥ ተማሪዎችን በቡድን እያደረገ አስጨፈረ። አንዳንዶቹ ቆመው ላብ እስኪወጣቸው፣ አንዳንዶቹ ተቀምጠው ለስለስ ባለ እንቅስቃሴ፤ ገሚሶቹ እኩል በአንድ ምት፣ ገሚሶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አጥብቀው እየነፉ ሕመሙን እስከ ምን ድረስ እንደሚችሉት ለኩ። ሕመም መቻሉ ሰውነት ኢንዶርፊን የሚባለውን፣ ሕመም የሚያስታግሰውንና ደስ የሚያሰኘውን ንጥረ ነገር ለመልቀቁ በተዘዋዋሪ ምልክት ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ጉልበት ማውጣቱ ለብቻው፣ እኩል መንቀሳቀሱም ለብቻው፣ ሁለቱም ሕመም የመቻል አቅምን ከፍ አደረጉ፤ ተማሪዎቹም አብረዋቸው ለጨፈሩት ያላቸው ቅርበት ጨመረ። አሁን ይህን ይዛችሁ የጉራጌን ጭፈራ አስቡት። ጉልበት ይጨርሳል፣ አንድ ምት ላይ ያቆማል። ሁለቱም አለው።

ሌላው ጥናት በጣም ነው የገረመኝ። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 የ14 ወር ሕፃናትን ነው ያየው። አንዷ ሕፃኑን ታቅፋ በሙዚቃ ምት ወደ ላይ ወደ ታች ታነጥረዋለች፣ ፊት ለፊት ያለችው ሌላዋ ሴት ደግሞ ወይ ከሕፃኑ ጋር እኩል ታነጥራለች ወይ ሆን ብላ ታዛንፋለች። ቆይታ ዕቃ እንዳመለጣት ሰው ትጥላለች። አብራው እኩል ያነጠረችው ከሆነች ሕፃኑ ዕቃውን አንስቶ የመስጠቱ ነገር ከፍ ይላል። መናገር ያልጀመረ ሕፃን እኮ ነው! የእኛ አገር ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ፣ እሷ ስታጨበጭብ አብሮ እየተናጠ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ፊት በአንድ ምት ሲወርድና ሲወጣ እያየ ነው ያደገው። ማንን "ወገኔ" እንደሚል የተማረው ገና አፉን ሳይፈታ ነው ማለት ነው።

ወደ ሰፈር እንምጣ፤ ምክንያቱም ክብ ቦታ ይፈልጋል። ጥምቀትን አስቡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ዓለም ያየው ታቦቱን፣ ካህናቱን፣ ጥላውን ነው። በከተራ ዕለት ግን ታቦቱን ተከትሎ የሚሄደው የየሰፈሩ ወጣት፣ ዱላውን ወደ ላይ እያነሳ፣ "ሆ!" እያለ፣ እየዘለለ፣ ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር እየተገጣጠመ የሚጨፍረው ጭፈራ የበዓሉ ግማሽ ነው። በቡድን ለመዝለል መጀመሪያ ሰፈር ያስፈልጋል። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል የሚሉትም እንዲሁ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ለምለሙን ሣር አስረው ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ቤት ለቤት የሚለው ላይ ነው ትልቁ ነገር። ማን የት እንደሚኖር፣ የማን እናት እንደታመመች፣ የማን ቤት እንደተዘጋ በጭፈራ ያውቁታል።

ሐረርም ሹዋሊድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጨማሪ ተጾሞ ከተማው በሙሉ በዘፈንና በጭፈራ ያድራል። ግንቡ ውስጥ ያሉት መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። እንዲህ ያለ በዓል እዚያ መጽናቱ አይገርመኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ብዙ ሰው ከቀበሌ ቤት ወደ ፎቅ አወጣ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱና መልሶ ማልማቱ ፒያሳን፣ ካዛንቺስን፣ ሌሎችንም አሮጌ ሰፈሮች አፈረሰ፣ ነዋሪውም ገላን ጉራን ወደመሰሉ ዳር ያሉ ቦታዎች ሄደ። ውኃና ሽንት ቤት ያለው ቤት ማግኘት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የድሮው ሰፈር ችግር የሚናፈቅ አይደለም። ግን አንድ ሰፈር ሲነሳ ዕጣው ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቶ ሲበትን አብሮ የሚበተነው ነገር በካሣ ዝርዝር ውስጥ የለም። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ሰፈር ነበረች። ጠባብ ክፍል፣ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ መጥቶ ፊታችሁ ይቆማል፣ ስማችሁን ጠይቆ ግጥም ያወጣላችኋል፣ ጨፋሪዋ ደግሞ ትከሻዋን ይዛ ትመጣለች። እዚያ ክፍል ውስጥ መደበቂያ የለም። ዛሬ ትልልቅ የባህል ምግብ ቤቶች አሉ፣ መድረካቸው ከፍ ያለ፣ መብራቱ ያሸበረቀ፤ ከመድረክ ላይ ግን እጅ ይዞ መጎተት አይመችም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥም ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እድር አቋቁሟል። በሕንፃዎቹ መሀል ባለችው መኪና ማቆሚያ ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ኮሚናል የሚሉትን የጋራ ቤት ለድግስ ይጠቀማል፣ ያው የእድር ድንኳን ዛሬ ለለቅሶ ነገ ለሠርግ ይተከላል። እኔ አዲስ ሰፈር ሰፈር ሆኗል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የማየው ይህን ነው፦ በሠርግ ዋዜማ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲከትፉ አንዷ ከበሮ አንስታ "ሙሽራዬ" ስትል ስንቱ በር ይከፈታል? አራተኛ ፎቅ ያለችው ወርዳ ታጨበጭባለች? ወይስ "ድምፅ ቀንሱ" ትላለች?

በኮሮና ጊዜም ይሄው ነገር ተሰምቶናል። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ላይ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ሰው ሠርጉን በጓዳ አደረገ። ብዙ ሰው ወጪ ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ቢለውም፣ ያን ጊዜ የተጋቡ ሰዎች "ሠርጌ ሠርግ አልመሰለኝም" ሲሉ ትሰማላችሁ። ቀለበቱም ቡራኬውም ነበር። ሆታው ነው ያልነበረው። ብዙው ወጣት ጭፈራን ለብቻው በስልክ ፊት የለመደውም በዚያው ሰሞን ይመስለኛል፣ ባይፈረድበትም።

ባይተዋርነት እውነተኛ ፈተና የሚሆነው ደግሞ በሰው አገር ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የደረሱበት አገር ስማቸውን ለወጠ፣ የቄሶቻቸውን ሥልጣን አልቀበልም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ወጣ። በዚያ መሀል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሩት ኤሼል የምትባል የውዝዋዜ ባለሙያ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት ከእነዚሁ ልጆች ጋር "እስክስታ" የተባለውን ቡድን ያቋቋመችው። ከዚያ በፊት እሷ ራሷ አዛውንቶቹን እየዞረች ጭፈራቸውን ትመዘግብ ነበር። እስቲ ለእነዚያ ተማሪዎች ምን ማለት እንደነበረ አስቡት። ትናንት ያሳፍራቸው የነበረው፣ የእናታቸው ቤት ነገር የሆነው ትከሻ፣ በዩኒቨርሲቲ ስም ዓለም ፊት ቆመ።

ይህን አልንቅም፣ እንዲያውም አደንቃለሁ። ግን መድረኩ ያደረገውና ቤት ያለው ጭፈራ የሚያደርገው አንድ አይደለም። መድረኩ ለሌላው "ተመልከቱን" ይላል። እዚያው እስራኤል ውስጥ፣ ሲግድ በሚባለው የቤተ እስራኤሎች በዓል ማግስት ወይም በሠርግ ቤት፣ ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገር የልጅ ልጅ አማርኛ ብቻ ከምትናገር አያቱ ፊት ቆሞ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥ ግን የሚነጋገሩት ሁለቱ ናቸው። ለስንት ዓመት በአንድ ቤት እየኖሩ ሊያወሩ ያልቻሉትን ነገር ያኔ ያወራሉ። ልጁ ቢሳሳትም አያቱ አታርመውም፣ ትስቃለች፣ ትስመዋለች።

አሜሪካም እንዲሁ ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በስሙ የስፖርት ነው፤ የሚሄደው ሰው ግን ስንቱ ነው የጨዋታውን ውጤት የሚያስታውሰው? ሰው የሚሄደው ማታ ማታ ለሚገኘው ሰው ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ተወልዶ አማርኛው የሚንተባተብ ልጅ ጉራጌኛ ሲከፈት ዘሎ ይገባል። እዚያ ማንም ዘዬውን አይሰማበትም።

ቤሩት ያሉ እህቶቻችን ደግሞ አሉ። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት ፓስፖርታቸው በአሠሪያቸው እጅ ሆኖ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ዝም ብለው የሚሠሩ። ዕረፍት የሚሰጣቸው እሑድን ብቻ ነው፣ እሱንም ብዙዎቹ አያገኙትም። ያገኙት ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ከዚያ ዶራ ወይም ቡርጅ ሃሙድ አካባቢ ባሉት የሐበሻ ቤቶች ቡና ጠጥተው፣ ዘፈን ከፍተው ይጨፍራሉ። ሳምንቱን በሙሉ "አንቺ" እና ትዕዛዝ ብቻ የሰማች ሴት ለሦስት ሰዓት ያህል በስሟ ትጠራለች፣ "ውረጂበት!" ትባላለች። ደመወዝ ያልተከፈላት ማን እንደሆነች፣ ማን እንደታመመች፣ ማን አገር መግባት ፈልጋ መንገድ እንዳጣች የሚሰማውም እዚያው ነው፤ መዋጮ የሚጀመረውም።

አሁን የማይወራውን ላንሳ። ክብ ውስጥ አለው፣ ውጭም አለው። እኩል መምታት፣ እኩል መጮህ ሰውን ያቀራርባል ስንል ለምን እንደሚያቀራርብ አይመርጥም። ቀረርቶና ፉከራም የሚሠሩት በዚሁ ጉልበት ነው፤ ያ ደም የሚያሞቅ ነገር ሰውን ለሠርግ እንዳስነሳ ለጦርነትም ያስነሳል። ባለፉት ዓመታት የሰሜኑ ጦርነት ሲካሄድ በከተማው ሠርግ ላይ የትኛው ዘፈን ይከፈት የሚለው ራሱ ሰው የሚሳቀቅበት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ድሮ ዲጄው ከጎንደር ጀምሮ ትግርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ጉራጌኛውን፣ ወላይትኛውን ሲያዞር የየትኛውም ብሔር ሰው ተነስቶ ይጨፍር ነበር፣ በትግርኛው ምት ከኋላ ተከትሎ ይዞር ነበር፣ ማንም "ይሄ የማን ነው" አይልም። አንድ ዘፈን ሲዘለል የተዘለለው ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቁስል በመግለጫ አይድንም። ያን ዘፈን አስከፍቶ፣ ያን ሰው እጁን ይዞ ማስነሳት ነው የሚያሽረው፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ።

ክቡን ለማስፋት ሆን ብሎ የተሠራ ሥራም አለን። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የውዝዋዜ ባለሙያ ከ100 ከሚሆኑ የጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የውዝዋዜ ትርኢት ሠራ፤ ከዚያ አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ውዝዋዜ ቡድን ወጣ። ልጆቹ ለዓመታት ሠለጠኑ፣ ከዚያ ተራቸውን አካል ጉዳተኞችን ጨምረው አሠለጠኑ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ለመሥራት ለሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ተመረጠ። ስለ ዝናው ብቻ አይደለም ያነሳሁት። ከተማው "ዞር በል" የሚለው ልጅ "ና፣ አንተም ቁጥር ውስጥ ነህ፣ አንተ ካልቆምክ ትርኢቱ አይሞላም" ሲባል ምን እንደሚሆን ስለታየበት ነው። ዊልቸር ላይ ያለችም ልጅ በዚያው ምት ገብታለች።

ስለዚህ ቲክቶክን ዝጉት አልልም። ብዙ ልጅ ከሌላ አካባቢ የመጣን ጭፈራ የሚለምደው እዚያ ነው፣ ጥሩ ነው። ስልክ የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አልችልም" ሲሉት እጅ ይዞ መቆም።

ድግስ የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። የባህል ቡድን መቅጠር ከፈለጋችሁ ቅጠሩ፣ ነገር ግን ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ወርደው ሰው እንዲያስነሱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መሀሉን ለኬክና ለመብራት ብቻ አትስጡ፤ ወንበሩን ዙሪያ አድርጉት። አዳራሽ ላይ ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ ከስፒከሩ አጠገብ ወይም ከኋላ ጥግ ነው የሚቀመጡት፣ ጆሯቸው ደንቁሮ ቶሎ ይሄዳሉ፤ ወደ ክቡ ጠርዝ አምጧቸው፣ ድምፁንም ቀንሱ፣ ከበሮም አንድ አኑሩ። ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁን የእስክስታ ክፍል ማስገባታችሁ መልካም ነው፣ ግን ከክፍሉ በፊት ከአክስቷ አጠገብ ታጨብጭብ። ሰፈር የሚያቅዱ ባለሙያዎችም፣ እባካችሁ፣ በሕንፃዎቹ መሀል ድንኳን የሚተከልባትን ባዶ ቦታ ሁሉንም ለመኪና አትስጧት። ነዋሪ ሲነሳ ደግሞ እድሩን እንደ እድር፣ ጎረቤቱን እንደ ጎረቤት አንድ ብሎክ ላይ አስፍሩት፤ በዕጣ አትበትኑት።